ጎማ በልኩ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ተራ ስለሚመስል አንድ ነገር ላነጋግራችሁ አስቤአለሁ። ነገሩ የአውቶሞቢል ጎማ ነው። ብዙዎቻችን አውቶሞቢል ለመግዛት በሄድን ጊዜ ሞተሩን አስነሥተን እናዳምጣለን፤ ቀለሙን ዞር ዞር ብለን እናያለን፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠን ምቾቱን እንፈትናለን። ጎማውን ግን በጫማችን ጫፍ አንድ ጊዜ መታ አድርገን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ከአንድ ሺህ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ያ ሁሉ ብረት፣ በውስጡም የተቀመጡት ባለቤታችሁና ልጆቻችሁ፣ ከመሬት ጋራ የሚገናኙት በአራት ስፍራ ብቻ ነው። የእያንዳንዱም ስፍራ ስፋት ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙ አይበልጥም። ፍሬን ስትይዙ የሚያቆማችሁ፣ መሪ ስትጠመዝዙ የሚያዞራችሁ፣ ዝናብ በወረደ ጊዜም ከመንሸራተት የሚያድናችሁ ይኸው አራት መዳፍ የሚያህል ጎማ ነው። ታዲያ ይህን ያህል አደራ የተጣለበትን ነገር ሳንመረምር መግዛታችን የሚያስገርም አይደለምን?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በእጃችን ያለውን አሮጌ አውቶሞቢል ጠብቆ መያዝ የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗል። ሞተር በደኅና ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ጎማ ግን ያልቃልና በየጊዜው መለወጡ አይቀርም። በተለወጠም ቍጥር «ምን ልክ ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ነገሩን በባዶ ቃል እንዳላስረዳ በአንድ የመሥሪያ ቤት ባልንጀራዬ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ስሙን ልተወው፤ እርሱም ታሪኩ እንዲነገር እንጂ ስሙ እንዲጠራ አልፈለገም። ይህ ባልንጀራዬ ለዓመታት ከደመወዙ እየቀነሰ ባጠራቀመው ገንዘብ ላይ የወጣለትን ዕቁብ ጨምሮ አንድ ያገለገለ ቢ ኤም ደብልዩ ገዛ። ዓይነቱ አዋቂዎች ኢ 46 የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 ድረስ የተሠራው ባለ አራት በር ነው። ይህ አውቶሞቢል ቤተ ሰብ ይጭናል፤ ነገር ግን ጠባዩ የስፖርት ነው። ወደ መሬት ዝቅ ያለ፣ መሪው ፈጥኖ የሚታዘዝ፣ ኵርባ ላይ የማይዋልል ነው። ባልንጀራዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረ ስለ ሆነ በገዛው ሰሞን በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ቆሞ ሲያየው ይውል ነበር።

የጎማዎቹ ጥርስ ግን ማለቁ ታየው። በጎማዎቹ ጎን ላይ 205/55 አር 16 የሚል ተጽፏል። እርሱ ወደ አንድ ጎማ ሻጭ ዘንድ ሄደና ጠየቀ። ሻጩም ጐንበስ ብሎ አየና «ጌታዬ፣ ይህ ለአስፋልት አገር የተሠራ ነው። የኛን ጕድጓድ በዚህ አይችሉትም። 205/65 አር 16 ላድርግልዎ፤ መኪናዎ ከፍ ይላል፤ ሆዱም አይነካም፤ ዋጋውም ይሻልዎታል» አለው። ባልንጀራዬም ነገሩ እውነት መሰለው። ከ55 ወደ 65 መሄድ ምን ያህል ነገር ነው? ስፋቱ ያው 205፤ ቸርኬውም ያው 16 ነው። አራቱን ጎማ አስገጠመና ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ፤ አስቀድመን ግን የእነዚህን ቍጥሮች ትርጕም እንይ።

በነፋስ የሚሞላ ጎማ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ከሠራ ወዲህ ነው። ዛሬ በአውቶሞቢላችን ላይ የምናየው ራዲያል የሚባለው ዓይነት ደግሞ የፈረንሳዩ የሚሽላን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነው። በዚህ ዓይነት ጎማ ውስጥ ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ቀጥ ብለው ይሻገራሉ፤ በላያቸውም የሽቦ መቀነት ይታሰራል። «አር» የሚለው ፊደል ይህን ራዲያል የሚለውን ቃል ያመለክታል።

እንግዲህ 205/55 አር 16 ሲል የመጀመሪያው ቍጥር፣ 205፣ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ቍጥር፣ 55፣ ሚሊ ሜትር አይደለም፤ የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደ ሆነ የሚናገር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው፣ 16፣ ጎማው የሚገጠምበት የቸርኬ ዳር እስከ ዳር ልክ በኢንች ነው።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አብራችሁኝ አስሉ። የ205 ሚሊ ሜትር 55 በመቶ 112.75 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው ጎን ከቸርኬው በላይም ከቸርኬው በታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ሲወሰድ 225.5 ይሆናል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ 16ቱ ኢንች 406.4 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ የጎማው ሙሉ ቁመት 631.9 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህን ቍጥር በልባችሁ ያዙት፤ አውቶሞቢሉን የሠሩት መሐንዲሶች ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ የፍጥነት መቍጠሪያውንና የፓራፋንጎውን ክፍተት ሁሉ የለኩት በዚህ ላይ ነውና።

ሻጩ ለባልንጀራዬ የሰጠውን 205/65 አር 16 በዚሁ መንገድ ብናሰላው ጎኑ 133.25 ሚሊ ሜትር፣ ሙሉ ቁመቱም 672.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 41 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በመቶ 6 ተኩል ያህል ነው። አውቶሞቢሉ በእርግጥ ከፍ ብሏል፤ ግን ከፍ ያለው የቁመቱን ልዩነት ግማሽ፣ 20 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ብቻ ነው። ለዚህች ለሁለት ጣት እንኳ ለማትሞላ ከፍታ የተከፈለውን ዋጋ ደግሞ እንቍጠር።

አንደኛ፣ የፍጥነት መቍጠሪያው የሚቈጥረው የጎማውን መዞር እንጂ መንገዱን አይደለም። ጎማው ትልቅ ሲሆን በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ይረዝማል። መቍጠሪያው 100 ሲያሳይ በፊቱ ጎማ ይኬድ ከነበረው ፍጥነት ላይ በመቶ 6 ተኩል ተጨምሮ ይኬዳል ማለት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው የአውቶሞቢል ደንብ መቍጠሪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ከቶ እንዳያሳይ ያዝዛል፤ ስለዚህም ፋብሪካዎች ጥቂት አስበልጠው እንዲያሳይ አድርገው ይሠሩታል። ትልቅ ጎማ ያደረገ ሰው ይህን የጥንቃቄ ትርፍ በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

ሁለተኛ፣ ጎማው በረዘመ መጠን ሞተሩ መሬቱን የሚገፋበት ኀይል ይቀንሳል፤ ፍሬኑም የሚይዝበት ኀይል እንዲሁ። በዚህ ምሳሌ ላይ ቅናሹ በመቶ 6 ያህል ነው። ከመገናኛ ወደ ላይ ሲወጡ አውቶሞቢሉ የሰነፈ ቢመስል ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ግን ጉዳዩ ከስንፍና ያልፋል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የስፖርት ጠባይ ያለው አውቶሞቢል ጎማውን በጠባብ ቤት ውስጥ የያዘ ነው። በላይ ፓራፋንጎው፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ሞላው የሚቀመጥበት ብረት በጣት ልክ ቀርበው ይገኛሉ። አውቶሞቢሉ ባዶውን ቀጥ ባለ መንገድ ሲሄድ ምንም አይነካም። አምስት ሰው ከነዕቃው ሲጫን፣ ፍሬን ሲያዝና መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በዚህ ምክንያት የጎማ አዋቂዎች የለመዱት አንድ ደንብ አለ። ይኸውም የአዲሱ ጎማ ሙሉ ቁመት ከፋብሪካው ልክ በመቶ 3 ከፍ ወይም ዝቅ እንዳይል ነው። በምሳሌያችን ከ613 በታችና ከ651 በላይ አትሂዱ ማለት ነው። ይህም ቢሆን ወሰን እንጂ ፈቃድ አይደለም፤ ወደ መካከሉ በቀረባችሁ መጠን ይሻላል።

«እንግዲያው ሌላ ልክ ማድረግ ፈጽሞ አይቻልም ወይ?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ይቻላል። ለዚሁ አውቶሞቢል ፋብሪካው ራሱ እንደ ሞዴሉ ከአንድ በላይ ልክ ፈቅዷል። 195/65 አር 15 አለ፤ ቁመቱ 634.5 ሚሊ ሜትር ነው። 225/45 አር 17 አለ፤ ቁመቱ 634.3 ነው። ልብ በሉ፤ ቸርኬው ከ15 ወደ 16፣ ከ16 ወደ 17 ሲያድግ የጎማው ጎን በዚያው መጠን እያጠረ ሙሉ ቁመቱ ከሞላ ጐደል አንድ ሆኖ ይቀራል። የልክ አመራረጥ ምስጢሩ ይኸው ነው፤ በአንዱ የጨመራችሁትን ከሌላው ትቀንሳላችሁ። በሻጩ ምክር ግን የተጨመረ እንጂ የተቀነሰ ነገር አልነበረም።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል ቢባል መልሱ እንደ ነጂውና እንደ መንገዱ ነው። ባለ 17ቱ ጎኑ 101 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ኵርባ ላይ አይለመጥም፤ መሪው ፈጥኖ ይመልሳል፤ መልኩም ያምራል። በደረቅ አስፋልት ላይ መንዳት ለሚወድ ሰው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሰፊ ጎማ በክረምት ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ከጠባቡ ይልቅ ፈጥኖ ይንሳፈፋል፤ ጕድጓድ ሲመታም በድንጋጤው መካከል የሚለሰልስ ጎማ ስለሚያንሰው ቸርኬው ይጣመማል። ባለ 15ቱ ጎኑ 127 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ኮብልስቶንና ጕድጓድ ይችላል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ ኵርባ ላይ ግን ትንሽ ይለዝባል። የፍሬኑ ዲስክ ትልቅ በሆነባቸው ብርቱ ሞዴሎች ላይም የ15 ኢንች ቸርኬ አይገባም። ባለ 16ቱ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ለቤተ ሰብም ለደስታም ለሚነዳ የመንግሥት ሠራተኛ እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ወደ 18 ኢንች የሚሄዱም አሉ። 225/40 አር 18 በሒሳብ 637.2 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከደንቡ አልወጣም። ጎኑ ግን 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ጎማ ለመልክ ብሎ መግዛት አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ዓይነት ነው።

ቸርኬ ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ደግሞ የኢንቹን ቍጥር ብቻ አይቶ አይግዛ። ለዚህ አውቶሞቢል ቸርኬው በ120 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የተደረደሩ አምስት የቡሎን ቀዳዳዎች ያሉት፣ የመካከሉ ቀዳዳ 72.6 ሚሊ ሜትር የሆነ መሆን አለበት። የቸርኬው ወርድም ከጎማው ጋራ መስማማት ይገባዋል፤ 205/55 አር 16 ከ5 ተኩል እስከ 7 ተኩል ኢንች ወርድ ባለው ቸርኬ ላይ፣ 225/45 አር 17 ደግሞ ከ7 እስከ 8 ተኩል ኢንች ባለው ላይ ይገጠማል። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲታሰር መካከሉ ይቈለመማል፤ ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ጠርዙ ይለጠጣል። ሁለቱም ከጎሚስታ ጋራ ወዳጅ ያደርጋሉ እንጂ አይጠቅሙም።

ከልኩ ቀጥሎ አንድ ቍጥርና አንድ ፊደል ይገኛል፤ ለምሳሌ 91 ቪ። ይህን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከቁመቱ ያላነሰ አስፈላጊ ነው። ቍጥሩ የጭነት ምልክት ነው። 91 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ 88 ማለት 560፣ 94 ማለት 670 ነው። 615ን በአራት አባዝቶ «2,460 ኪሎ ግራም መጫን እችላለሁ» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ጭነት በአራቱ እግር ላይ በእኩል አይካፈልም፤ ኋላ ላይ ሦስት ሰውና ሻንጣ ሲኖር የኋለኞቹ ድርሻ ይበዛል። ፊደሉ የፍጥነት ምልክት ነው። ቲ እስከ 190፣ ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240፣ ደብልዩ እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። «እኔ በ240 አልነዳም፤ ቪ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ፊደሉ ጎማው ሙቀትን እንዴት እንደሚችልም ይናገራል። በቆላ መንገድ ላይ ጭነት ይዞ ለረጅም ሰዓት የሚሄድ ጎማ ጠላቱ ሙቀት ነው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፤ በሁለቱም ፋብሪካው ካዘዘው ከፍ ማለት ይቻላል፤ ዝቅ ማለት ግን አይገባም።

አሁን ደግሞ ኪሳችን ወደሚያስገድደን ነገር እንምጣ። አራቱን ጎማ በአንድ ጊዜ ለመለወጥ የወር ደመወዝ አይበቃ ይሆናል። ሁለት ሁለት አድርጎ መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ መስመር ያሉት፣ የፊቱ ሁለቱ ወይም የኋላው ሁለቱ፣ ልካቸውም ዓይነታቸውም ጥርሳቸውም አንድ መሆን አለበት። ግራና ቀኙ ቢለያዩ ፍሬን ሲያዝ አውቶሞቢሉ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ኤ ቢ ኤስ የሚባለውም ፍሬን የአራቱን እግሮች መዞር እያስተያየ የሚሠራ ስለ ሆነ ባልተካከሉ ጎማዎች ግራ ይጋባል። አዲሶቹ ሁለቱስ የት ይግቡ? ብዙ ሰው «ከፊት» ይላል። የጎማ ፋብሪካዎች ግን ከኋላ እንዲገቡ ይመክራሉ። የፊቱ ቢንሸራተት ነጂው በመሪው ይታወቀዋል፤ እግሩንም ከነዳጁ ያነሣል። የኋላው በእርጥብ ኵርባ ላይ ቢንሸራተት ግን አውቶሞቢሉ ዞሮ ይጠብቀዋል፤ ይህን የሚመልስ ነጂ ጥቂት ነው።

አራቱም እግር የሚነዳበት አውቶሞቢል ያላችሁ ደግሞ ከሌላው ሰው ይበልጥ ተጠንቀቁ። በእንደዚህ ያለው አውቶሞቢል የፊቱና የኋላው እግር በማርሽ የተያያዘ ስለ ሆነ የቁመት ልዩነት በተፈጠረ ጊዜ ማርሹ ያለ ዕረፍት እየታገለ ይሞቃል። በጎማ የተቈጠበው ገንዘብ በማርሽ ላይ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። በአንጻሩ አንዳንድ የኋላ እግር ነጂ የስፖርት አውቶሞቢል ከፋብሪካው ሲወጣ ከፊት 225/45 አር 17፣ ከኋላ 245/40 አር 17 አድርጎ ይመጣል። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው፤ የሁለቱ የቁመት ልዩነት በመቶ 1 ያህል ብቻ ነው። ባለቤቱ ግን የፊቱን ወደ ኋላ እያዛወረ ዕድሜውን ማራዘም እንደማይችል ይወቅ።

ያገለገለ ጎማ ስለ መግዛትም አንድ ቃል ልናገር። ጥርሱ ጥልቅ ስለ ሆነ ብቻ አትታለሉ፤ ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። በጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ በመጨረሻ የሚገኙት አራት ቍጥሮች የልደት ወረቀቱ ናቸው። 3522 ቢል በ2022 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ ጎማው በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲጣል ይመክራሉ። በጎኑ ላይ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ ነገር ካያችሁ ዋጋውን አትጠይቁ።

ልኩ ቢመረጥም ነፋሱ ካልተስተካከለ ድካሙ ከንቱ ነው። ትክክለኛው ቍጥር በጎማው ላይ ያለው አይደለም፤ እርሱ ከፍተኛውን ወሰን የሚናገር ነው። ትክክለኛው በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ ለባዶና ለሙሉ ጭነት ተለይቶ ተጽፏል። ጎማው ሳይሞቅ በጥዋት ይለካ። ወደ ቆላ ስትወርዱ ሁለት ነገር ይደርሳል። የውጭው አየር ስለሚከብድ የመለኪያው ቍጥር ጥቂት ይወርዳል፤ ሙቀቱ ደግሞ በየ10 ዲግሪው 1 ተኩል ፒ ኤስ አይ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ በሚወረድበት መንገድ ላይ ሁለቱ ከሞላ ጐደል ይቻቻላሉ። ስለዚህ መንገድ ላይ ቆማችሁ «ሞቀ» ብላችሁ ነፋስ አታውጡ፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ ይበልጥ ይለመጣል፤ የተለመጠው ይበልጥ ይሞቃል፤ መጨረሻውም መፈንዳት ነው።

አሁን ወደ ባልንጀራዬ ልመለስ። ጎማውን ካስገጠመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብረ ማርቆስ ለሚደረግ የዘመድ ሰርግ ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ጭኖ፣ ኋላውን በሻንጣና በስጦታ ሞልቶ ተነሣ። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ደኅና ሄዱ። የዓባይን ቁልቁለት ሲጀምሩ፣ ፍሬን ይዞ በጠመዘዘ ቍጥር ከፊት በኩል የሚያጕረመርም ድምፅ ይሰማው ጀመር። ድንጋይ ይሆናል ብሎ አለፈው። ጥቂት እንደ ወረዱ ከኋላ የተቀመጠችው ታናሽ ልጁ «አባዬ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል» አለችው። ሌሎቹ ፍሬን ነው አሉ። ልጅቱ ግን መላልሳ ስለ ተናገረች ሰፋ ያለ ስፍራ አግኝቶ ቆመ፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገና ጐንበስ ብሎ አየ።

የቀኙ የፊት ጎማ ትከሻ በውስጥ በኩል ተልጦ ክሩ ብቅ ብሏል። ከበላዩ ያለው የሞላ መቀመጫ ብረት በላስቲክ ተፈግፍጎ እንደ መስተዋት ያበራል። የግራው ጎማም ያው ምልክት ጀምሮታል። ከፊታቸው ገና ብዙ ኵርባ፣ በአንድ ወገንም ገደል ነበር። «እዚያ ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሃያ ሚሊ ሜትር ስገዛ ምን እንደ ሸጥኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው» ሲል ነገረኝ። ባለቤቱና ልጆቹ በአውቶቡስ ወደ ሰርጉ ሄዱ። እርሱ በፋብሪካው ልክ የነበረውን ስኮርታ በተላጠው ፈንታ አስገብቶ፣ ባዶውን አውቶሞቢል ዐቀበቱን እያዘገመ ወደ ጎሐ ጽዮን መለሰው።

አዲስ አበባ እንደ ተመለሰ 205/55 አር 16፣ 91 ቪ የሚል አራት ጎማ ገዛ። በዚህ ዓይነት ጎማ ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ የዕቁቡም ወረት አለቀ። ይህን ሲያወራ ሻጩን ብዙ አይወቅስም። «ሻጩ የነገረኝን ማመን አልነበረብኝም አልልም፤ ማስላት ነበረብኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰውን ሒሳብ ስመረምር እውላለሁ፤ የገዛ ልጆቼን የያዘውን ግን አልመረመርኩም» ይላል። እኔም ይህን ቃል ስለ ሰማሁ ነው ዛሬ በፊታችሁ የቀረብኩት።

ስለዚህ፣ አድማጮቼ፣ ወደ ጎማ ሻጭ ከመሄዳችሁ በፊት ነገ ጥዋት አንድ ቍራጭ ወረቀት ይዛችሁ ወደ አውቶሞቢላችሁ ውረዱ። በበሩ መቃን ላይ የተጻፈውን ልክ ገልብጡ፤ የጭነቱን ቍጥርና የፍጥነቱን ፊደል ጨምሩ፤ የነፋሱን መጠን ጻፉ። ቀጥሎ ጎማው ላይ ያለውን አንብቡና አስተያዩ። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት የሌላ ልክ አድርጎበት ሊሆን ይችላልና፣ በጎማው ላይ ያለውን ሳይሆን በመቃኑ ላይ ያለውን እመኑ። ሻጩ ሌላ ልክ ቢያቀርብላችሁ ስፋቱን በመቶኛው አባዙ፤ ሁለት ጊዜ ውሰዱት፤ ቸርኬውን ደምሩበት፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጋራ አስተያዩት። ይህ ሒሳብ ከአንድ ሲኒ ቡና የበለጠ ጊዜ አይወስድም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ የጎማም ነገር እንደዚሁ ነው፤ የሚፈታው ግን ቁልቁለት ላይ ነው።

ያቺ ልጅ አሁንም ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ከከተማ ለመውጣት ባሰቡ ቍጥር ግን አባቷ ነፋሱን ሲለካ መለኪያውን የምታነብለት እርሷ ናት፤ ቍጥሩም በወረቀቱ ላይ ካለው ጋራ ካልተስማማ ከቤት አያስወጡትም።